የዐሥራ ዘጠነኛው ቀን ሥዕል

ባቡሩ ከዋሻው ሲወጣ ፀሐዩ በመስኮቱ ዘው ብሎ ገባ። በሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ ውስጥ ተጨናንቆ የተቀመጠው መንገደኛ ሁሉ ለአፍታ ዐይኑን ጨፈን አድርጎ መልሶ ገለጠ፤ ድንጋይ ጠራቢው ግን አልገለጠም። የቀኝ ዐይኑ በነጭ ፋሻ እንደታሰረ ነው። ደህነኛውን የግራ ዐይኑን በመዳፉ ሸፍኖ ፊቱን ወደ እንጨቱ ግድግዳ አዞረ።

ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ሰዓሊ እርሳሱን ሊቀርጽ ቢላዋ አውጥቶ ነበር። ሥራው ማየት ነው፤ ሰው ሲያስነጥስ እንኳ አፍንጫው ስንት ቦታ እንደተሸበሸበ ሳያይ አያልፍም። ቢላዋውን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ ጠራቢው ጎንበስ አለ።

«ምነው? ጭሱ ነው?»

«ጭሱ ነው» አለ ጠራቢው፣ እጁን ሳያነሣ።

«ጭሱ ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል!» ብላ እታለም ጣልቃ ገባች። እታለም የጠራቢው ታላቅ እኅት ናት፤ ወንድሟ እንዲያ ስለሚጠራት እሱ የሚታከምበት የዐይን ሕክምና ቤት ሰው በሙሉ፣ ከበር ጠባቂ እስከ ሐኪም፣ እታለም ይላታል። «ሦስት ሰዓት ሙሉ ከሰል ስንቅም! ጥርሴ ላይ ሳይቀር ይንቋቋብኛል። እዚህ ፉርጎ ውስጥ ደህነኛ ዐይን ያለው ካለ እስቲ እጁን ያውጣ።»

ተነሥታ መስኮቱን በኃይል ዘጋችው። ጭሱም ቀስ እያለ ጠፋ። ከጠራቢው መዳፍ ሥር የሚወርደው እንባ ግን እንደ ወረደ ነው።

ሰዓሊው ዐይኑን ከዚያ እንባ ላይ አላነሣም።

ይህ የሆነው መንገዶች በጋዝ ፋኖስ በሚበሩበት፣ የኤሌክትሪክ ወሬው እንጂ ራሱ ባልደረሰበት ዘመን ነው። ከሃያ ሰባት ቀን በፊት ጠራቢው ሥራ ላይ ሳለ ከመሮው ጫፍ የተፈናጠረ ብረት ቀኝ ዐይኑን ሰንጥቆት ገባ። በዚያን ጊዜ የዐይን ሐኪሞች ሕግ አንድና አንድ ነበር፦ እንዲህ የተሰነጠቀ ዐይን ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ይውጣ። ካልወጣ ምንም ያልነካው ሌላው ዐይን፣ ማንም በማያውቀው መንገድ፣ ተከትሎ ይታመማል፤ አንዴ ከጀመረ ደግሞ የሚመልሰው የለም። ሐኪሞቹ «የእኅት ሐዘን» ይሉታል፤ አንደኛዋ ዐይን ለሌላኛዋ እንደምታዝን ቆጥረው።

ጠራቢውን የሚያክሙት ሐኪም ይህን ሕግ ሊሽሩ የተነሡ ሰው ናቸው። ጠዋት ጠዋት በሽተኛ ያያሉ፤ ከምሳ በኋላ ነጩን ልብስ አውልቀው፣ ጓሮ ያለው ቤተ ሙከራ ገብተው ከጥንቸሎቻቸው ጋር ይውላሉ። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖረዋል። በጥንቸል ዐይን የሞከሩትን እጥበትና በቀጭን ሐር ክር መስፋት ወደ ሰው አመጡት፤ ወጥቶ ይጣል የተባለውን ዐይን እየሰፉ አቆዩት። ዐሥር ሰው ሰፉ፣ ዐሥሩም ደህና ሆነ። ጠራቢው ዐሥራ አንደኛው ነው፤ ከሁሉም የሚያኮራቸውም እሱ ነው፣ ምክንያቱም የተሰነጠቀው ዐይኑ በዐሥራ አምስተኛው ቀን ጣት መቁጠር ጀመረ። ዛሬ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ሐኪሙ በዋናው ከተማ የሐኪሞች ጉባኤ ፊት ቆመው ጽሑፋቸውን ሊያነቡ፣ ጠራቢውንም በአካል ሊያሳዩ ነው።

የሰዓሊው ጠረጴዛ በሕክምናው ክፍልና በቤተ ሙከራው መካከል፣ በሁለቱ በሮች መሐል ነው የቆመው። በየሦስት ቀኑ የእያንዳንዱን በሽተኛ ሁለት ዐይን በአጉሊ መነጽር እያየ ይስላል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የጥንቸሎቹን። ሐኪሙ ዕድሜያቸው ሃምሳን ከተሻገረ ወዲህ ቅርብ ነገር እየደበዘዘባቸው ሄዷል። የዐይን ሐኪም መነጽር ሲያደርግ በሽተኛ ምን ይላል ብለው መነጽራቸውን ኪሳቸው ውስጥ ይደብቁታል፤ ይህን የሚያውቀው ሰዓሊው ብቻ ነው። ስለዚህ ጽሑፉን ማዘጋጀት ከጀመሩ ወዲህ ዐይኑን ትተው ሥዕሉን ማየት ያዘወትሩ ነበር። «አንተ ካየኸው እኔ አየሁት» ይሉታል። እሱም በዚህች ንግግር ልቡ ያብጥ ነበር።

«እስቲ ልይህ» አለ ሰዓሊው። በናስ ቀለበት የተያዘውን ድርብ አጉሊ መነጽር ከደረት ኪሱ አወጣ።

«እዚህ? ሰው ሁሉ እያየ?»

«ይዩ፣ ምን አገባቸው! ገለጥ አድርገው» አለች እታለም።

ጠራቢው እጁን አነሣ። የግራ ዐይኑ ነጩ ክፍል፣ በብሌኑ ዙሪያ፣ ቀላ ብሏል። ሰዓሊው ጠጋ ብሎ ብርሃኑን ከጎን አስገባና ትንፋሹን ያዘ። በብሌኑ ውስጠኛ ገጽ፣ ወደ ታች በኩል፣ አመድ የመሰሉ ነጥቦች ተለጥፈዋል። ቆጠራቸው። ዐሥራ አራት። ከዐሥራ አራቱ ሦስቱ፣ ከፍ ብለው ጎን ለጎን የተቀመጡት፣ አዲስ አልሆኑበትም።

በዐሥራ ዘጠነኛው ቀን አይቷቸዋል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ሰዓሊው በአንድ በሽተኛ ዐይን ላይ ነጠብጣብ ስሎ፣ ሐኪሙ ሥዕሉን ለእንግዳ ባልደረባቸው ኮራ ብለው አሳዩ። እንግዳው አጉሊ መነጽሩን ተቀብለው በመሐረባቸው ጠረግ አደረጉና በሽተኛውን ዳግመኛ ቢያዩት ነጠብጣብ የሚባል የለም። ሰዓሊው የሳለው የመነጽሩን አቧራ ነው! ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ሐኪሙ አልሳቁም። እንግዳው ሲሄዱ «ከእንግዲህ አቧራ አትሳልልኝ። ዐይን ሳልልኝ» አሉት። ከዚያን ቀን ወዲህ በሕክምና ቤቱ ስሙ «አቶ አቧራ» ሆነ። አስታማሚዎቹ፣ ልብስ አጣቢዋ፣ በኋላም ጠራቢው ራሱ፣ ሁሉም እንዲያ ጠሩት። እሱም አብሮ እየሳቀ ውስጡ ይቆስል ነበር።

በዐሥራ ዘጠነኛው ቀን ሦስቱን ነጥቦች ሲያይ መነጽሩን ጠረገ። አሉ። በድርቡ መነጽር ሁለት መስታወቶች መሐል ይሆናል አቧራው የገባው፣ እዚያ ደግሞ መሐረብ አይደርስም፣ አለና ራሱን አሳመነ። ሌላ መነጽር አምጥቶ ማየት ይችል ነበር፤ መሳቢያው ውስጥ ሁለት ነበሩት። ይልቅ ጥርት ያለ፣ አንድ ነጥብ የሌለበት ብሌን ሳለ። ሐኪሙ ሥዕሉን እጃቸውን ዘርግተው ራቅ አድርገው አዩትና «ግሩም!» አሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰዓሊው ለጉባኤው ሥዕሎችን በትልቁ ሲገለብጥ ስለሰነበተ ያን ዐይን ዳግመኛ አላየውም። ያው ሥዕል በትልቁ ተገልብጦ፣ አሁን ከራሱ በላይ ባለው የዕቃ መደርደሪያ ላይ፣ በቆዳ ማኅደር ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

«ምን አየህ፣ አቶ አቧራ?» አለው ጠራቢው እየሳቀ።

«ትንሽ ቀልቷል» አለና መነጽሩን ኪሱ ከተተ።

ባቡሩ ውሃ ሊጠጣ አንዲት ትንሽ ጣቢያ ቆመ። ሰዓሊው ዘሎ ወረደና በሐዲዱ ዳር ጠጠር እየረገጠ ወደ ፊት ሮጠ። የአንደኛ ማዕረግ ፉርጎ በር ላይ የቆመው ቲኬት ቆራጭ ደረቱን ሰጠው።

«ወንድም፣ የት ነው? ይሄ አንደኛ ማዕረግ ነው።»

«የሐኪሙ ሰው ነኝ።»

«እሱማ ሁሉም የአንድ ሰው ሰው ነው» አለ ቲኬት ቆራጩ፤ ቢሆንም ፊቱን አይቶ አሳለፈው።

ሐኪሙ በቀይ ከፋይ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጽሑፋቸውን ለራሳቸው ያነቡ ነበር። ረጅሙ ባርኔጣቸው በቆዳ ሳጥኑ አጠገባቸው ተቀምጧል። ሰዓሊውን ሲያዩ መነጽራቸውን ከአፍንጫቸው ላይ ቀልጠፍ ብለው አወረዱ።

«ምንድን ነው? ሥዕሎቹ ረጠቡ እንዳትለኝ።»

«ሥዕሎቹ ደህና ናቸው፣ ጌታዬ። ጠራቢው ነው። ግራ ዐይኑ ብርሃን ይፈራል፣ ያነባል። ነጥብ አይቼበታለሁ።»

«አቧራ ነው።»

«አቧራ አይደለም።»

እንዲህ ብሎ መልሶላቸው አያውቅም። ሐኪሙ ትክ ብለው አዩት፤ ተነሡና በጠጠሩ ላይ፣ በተወለወለ ጫማቸው፣ ተከትለውት መጡ። በሦስተኛው ማዕረግ ፉርጎ ውስጥ መንገደኛው እየተጋፋ አሳለፋቸው። ጠራቢው አጠገብ ጎንበስ አሉ። አጉሊ መነጽሩን ይዘው ትንሽ ታገሉ፤ ከዚያ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ የራሳቸውን መነጽር ከኪሳቸው አውጥተው አደረጉ። ሰዓሊው በዚህ ጊዜ ነገሩ ያበቃለት መሆኑን አወቀ።

ሐኪሙ ቀና ሲሉ ድምፃቸው እንደ ወትሮው የረጋ ነበር። «ዐይንህ ትንሽ ተቆጥቷል። መንገዱ ነው። ማታ ጠብታ እናደርግበታለን።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጌታዬ» አለ ጠራቢው።

ወደ መውረጃው ደረጃ ወጥተው ሁለቱ ብቻቸውን ቆሙ። ውሃው ወደ ባቡሩ ሆድ ሲንዶቀዶቅ ይሰማል።

«መቼ ነው መጀመሪያ ያየኸው?» አሉት ሐኪሙ።

«በዐሥራ ዘጠነኛው ቀን።»

«በዐሥራ ዘጠነኛው ቀን ሥዕል ላይ ምንም የለም።»

«አልሳልኩትም። አቧራ መስሎኝ።»

ሐኪሙ መነጽራቸውን አወለቁ። ከሁለት ዓመት በፊት የተናገሩት ነገር ትዝ እንዳላቸው ከፊታቸው ታወቀ። ሰዓሊው ቢቆጡት፣ በጥፊ ቢሉት ይሻለው ነበር።

«ስምንት ቀን» አሉ ሐኪሙ ለራሳቸው።

«አሁን ቢወጣስ፣ ጌታዬ? ቀኙ ዛሬውኑ ቢወጣ?»

«የሚያይ ዐይን እኮ ነው የምታስወጣኝ! ጣት ይቆጥራል!» ድምፃቸው ከፍ አለ፣ ወዲያው ዝቅ አደረጉት። «አንዳንዶቹ ከጀመረም በኋላ ቶሎ ከወጣ ግራው ሊተርፍ ይችላል ብለው ጽፈዋል። አንዳንዶቹ ደግሞ ምንም አይጠቅምም ይላሉ። እኔ… ነገ ቤታችን ስንመለስ በእርጋታ አየዋለሁ። ዛሬ ጽሑፉን ላንብብ። ሃያ ሁለት ዓመት ነው፣ ገባህ? አንድ ቀን ምን ያመጣል?»

ሰዓሊው ቀኑ ምን እንደሚያመጣ አያውቅም። ሐኪሙም እንደማያውቁ ግን ገባው።

ባቡሩ ጮኸ። ሐኪሙ ወደ ፉርጎአቸው ሄዱ። ሰዓሊው ወደ ቦታው ተመልሶ ቀሪውን መንገድ ከጠራቢው ፊት ዐይኑን እየሸሸ ተቀመጠ። እታለም ሻሿን ፈትታ በመስኮቱ ላይ ጋረደችው። «ይኸው ጨለማ አድርጌልሃለሁ። ከእንግዲህ ምን ቀረህ፣ መዝፈን?» አለችው ወንድሟን፤ ጠራቢውም ሳቀ። ሰዓሊው ያ ሳቅ በሕይወቱ ከሰማው ነገር ሁሉ የከበደ ሆነበት።

የጉባኤው አዳራሽ ከተማው መካከል ያለ ትልቅ የድንጋይ ሕንፃ ነው። ሰዓሊው፣ ጠራቢውና እታለም ከመድረኩ ጀርባ በምትገኝ ጠባብ ክፍል እንዲቆዩ ተደረገ። በበሩ ክፍተት የሐኪሞቹ ጥቁር ካፖርትና ጢም፣ የሚያብረቀርቁ የኪስ ሰዓቶች ይታያሉ። ከፊት ረድፍ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ ሊቀ መንበሩ ናቸው፤ ሐኪሙን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። የቆሰለ ዐይን ባዩ ቁጥር መልሳቸው አንዲት ቃል ስለሆነች ተማሪዎቻቸው በሹክሹክታ «አውጣው» ይሏቸዋል።

ጠራቢው በእጁ ግድግዳውን ዳበሰ። «ጥሩ ድንጋይ ነው» አለ። «ጥሩ እጅ ነው የጠረበው። መጋጠሚያው ምላጭ አያስገባም።» ከዚያ ድምፁን ሳይለውጥ፣ «አሁን ንገረኝ። ምን አየህ?»

«ሐኪሙ ነገሩህ አይደል…»

«እሳቸውን አልጠየቅሁም። አንተን ነው የጠየቅሁት። እኔ ሠላሳ ዓመት ድንጋይ ሳይ ኖሬያለሁ፤ ሰው ፊት አላይም መሰለህ? ከዋሻው ወዲህ አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብለህ አላየኸኝም።»

እታለም ዞር አለች። የወንድሟን እጅጌ ያዘች።

ሰዓሊው ነገረው። ሦስቱን ነጥቦች፣ መነጽሩን መጥረጉን፣ መሳቢያው ውስጥ የነበሩትን ሁለት መነጽሮች ሳይቀር ነገረው። ሐኪሙ ነገ እናያለን ማለታቸውንም አልደበቀም።

ጠራቢው መዳፉን እንደገና ግድግዳው ላይ አሳረፈ። ከዚያ፣ «እኛ ጋ» አለ፣ «ድንጋይ ሲመጣ መጀመሪያ በመዶሻ ታንኳኳዋለህ። ስንጥቅ ያለበት ድምፁ ፈዛዛ ነው። ስንጥቅ ካገኘህ በከሰል መስቀል ታደርግበታለህ። ያንተ ድንጋይ ሆነ የሌላ፣ አለቃው ቢቆጣ ባይቆጣ፣ ታደርግበታለህ። ስህተት ቢሆንብህ ይሳቁብህ፤ አንድ ድንጋይ ነው የሚጣለው። ካላደረግህ ግን ድንጋዩ ግንብ ላይ ይወጣል። ከሥር የሚቆመው ሰውዬ አንተን አያውቅህም፣ መጥቶ አይጠይቅህም።»

«አዎ» አለ ሰዓሊው።

«እንዴት ዝም ትላለህ? በሳቅ ብቻ?»

እታለም ማልቀስ ጀምራለች፤ ድምፅ ሳታወጣ፣ ጉንጯን በእጇ ጀርባ እየጠረገች።

ከአዳራሹ ጭብጨባ ተሰማ፤ ሐኪሙ ወደ መድረኩ ወጡ። ሥዕሎቹን በየተራ መስቀል የሰዓሊው ሥራ ነው። ማኅደሩን ፈታ። ዐሥራ አንደኛውን ሥዕል ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በሁለት መጽሐፍ ጫፍና ጫፉን ያዘው። ጥርት ያለ፣ የሚያምር፣ ውሸታም ዐይን። ከጆሮው ላይ ጥቁሩን እርሳስ አወረደና ነጥቦቹን በየቦታቸው አደረገ። አንድ። ሁለት። ሦስት። እርሳሱን በኃይል ስለተጫነ ወረቀቱ ተሰርጉዷል። ከሥር ጻፈ፦ «በዐሥራ ዘጠነኛው ቀን የታየ። ሰዓሊው አይቶ ያልሳለው።»

ከዚያ ወጥቶ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ይሰቅል ጀመር። ሐኪሙ በቃላቸው ያጠኑትን ጽሑፍ ያለ መነጽር፣ በሚያምር ድምፃቸው ያነባሉ፤ ከኋላቸው የሚሰቀለውን ሳይዞሩ ቁጥሩን ብቻ ይጠራሉ። አንደኛ። ሁለተኛ። አዳራሹ እየተማረከ ሄደ። በስድስተኛው ላይ አንድ ሰው «ድንቅ!» ሲል ተሰማ። በዐሥረኛው ላይ ሊቀ መንበሩ ሳይቀሩ ወደ ፊት ዘንበል አሉ።

«ዐሥራ አንደኛ» አሉ ሐኪሙ። «ድንጋይ ጠራቢ፣ የአርባ አራት ዓመት ሰው። የቀኝ ዐይኑ በብረት ስንጣሪ ተሰንጥቆ… ዛሬ ጣት ይቆጥራል። ሌላኛው ዐይኑ ደግሞ፣ እዚህ እንደምትመለከቱት፣ ፍጹም…»

በማመልከቻው ዘንግ ሊያሳዩ ዞሩ።

ሐኪሙ ቅርቡን እንጂ ሩቁን ነገር ለማየት ችግር የለባቸውም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን፣ ሦስቱንም ነጥብ፣ ከሥሩም የተጻፈውን አጥርተው አዩት። ዘንጉ በአየር ላይ ቀረ። ሰዓሊው ከሥዕሉ ሥር ቆሞ ነበር። አሁን «ቀልድ ነው» ብለው ሥዕሉን ቢያወርዱት ምን እንደሚያደርግ ያስባል፤ ምንም እንደማያደርግም ያውቃል፣ የቀረውን ድፍረት ሁሉ በእርሳሱ ጨርሶታል።

አዳራሹ ማንሾካሾክ ጀመረ። ሐኪሙ ወደ ኋላ ወደምትገኘዋ ጠባብ ክፍል በር አዩ። ጠራቢው በሩ ላይ ቆሟል፤ ከአዳራሹ የጋዝ መብራት ዐይኑን በመዳፉ ጋርዶ።

ሐኪሙ መነጽራቸውን አውጥተው አደረጉ። የጽሑፋቸውን የመጨረሻ ገጽ ተመለከቱት፣ አጠፉት፣ ካፖርታቸው ውስጥ ከተቱት።

«ክቡር ሊቀ መንበር» አሉ፣ «የተከበራችሁ ባልደረቦቼ። ዐሥራ አንደኛው ሰው የእኅት ሐዘን ይዞታል። ከስምንት ቀን በፊት ጀምሮታል። የሚያየው ሰው ነበረኝ፤ እንዳይናገር ያደረግሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ያነበብኩትን ሰምታችሁ ቤታችሁ ገብታችሁ የቆሰለ ዐይን እንዳታቆዩ እለምናችኋለሁ።» ዘንጉን አስቀመጡት። «ሌላ የምለው የለኝም።»

አንድም ሰው አላጨበጨበ። ሊቀ መንበሩ በዱላቸው ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሡ። ሁሉም አሁን ይኩራሩ ይሆናል ብሎ ጠበቀ። ሽማግሌው ግን የጠየቁት አንዲት ነገር ነው።

«ቀኙ አለ?»

«አለ።»

«አውጣው» አሉ። ከዚያ የቀድሞ ተማሪያቸውን ፊት አዩት። «ተወው። እኔ አወጣዋለሁ።»

በዚያው ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከጉባኤው አጠገብ ባለው ሆስፒታል ሽማግሌው የጠራቢውን ቀኝ ዐይን አወጡት። ሐኪሙ አጠገባቸው ቆመው መሣሪያ እያቀበሉ ነበር። እታለም በመተላለፊያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ የማጽጃ መድኃኒቱ የሚሸትበትን አየር በአፏ እየሳበች፣ «ጣት ይቆጥር ነበር እኮ» ትላለች፤ ሰዓሊው ይስማት አይስማት ግድ የላትም። «ትናንት እኮ ጣቴን ቆጥሮልኛል። አራት ብሎኛል፣ አራት ነበረ።»

የግራው ዐይን አልተረፈም። ነጥቦቹ ዐሥራ አራት የነበሩት ሃያ፣ ከዚያ የማይቆጠሩ ሆኑ። ሐኪሙ በየቀኑ፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ራሳቸው ያዩት ነበር። ጠብታውን ራሳቸው ያደርጉለታል፤ ጥንቸሎቹን ትተው ከሰዓት በኋላውንም አልጋው አጠገብ ያሳልፉ ጀመር። ምን ጠቀመ? የዐሥሩን ሰዎች ቤት ደግሞ አንድ በአንድ እየዞሩ ደህነኛ ዐይናቸውን አዩ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ስለዚህ በሽታ የጻፉት ሁሉ የሚጀምረው በዐሥራ አንደኛው ሰው ነው፤ የጻፉትም ብዙ ነው። ጠራቢው ግን አንዱንም አላነበበውም።

ሰዓሊው በየሦስት ቀኑ መሳሉን አላቋረጠም። ሐኪሙ «ያየኸውን ሁሉ ሳል፣ አቧራም ቢሆን» ብለውታል። አቶ አቧራ ብሎ የሚጠራው ሰው ከእንግዲህ አልነበረም፤ ስሙ ራሱ ከሕክምና ቤቱ ጠፋ። እሱ ግን ቢጠሩት ይመርጥ ነበር።

በሰባኛው ቀን ጠዋት ጠራቢው ወደ ቤቱ ሊሄድ ልብሱን ለብሶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። እታለም ጓዙን እየጠቀለለች ነው። ሰዓሊው የመጨረሻውን ሥዕል ሊስል ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተቀመጠ፤ ትልቁ የቆዳ ማኅደር ከእግሩ ሥር ነበር።

«ያን ዕለት ግድግዳ ላይ የሰቀልከው አለ?» አለ ጠራቢው።

«አለ።»

«ስጠኝ እስቲ።»

ሰዓሊው እታለምን አያት። እታለም ትከሻዋን ነቀነቀች፣ ስጠው እንደ ማለት። ወረቀቱን አውጥቶ ጉልበቱ ላይ ዘረጋለት።

ጠራቢው ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳደረገ፣ በሸካራው አውራ ጣቱ ወረቀቱን ከላይ ጀምሮ ቀስ እያለ ዳሰሰው። ድንጋይ ሲፈትሽ እንደሚያደርገው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ወደ ታች ወረደ። ከዚያ ጣቱ ቆመ። እርሳሱ የሰረጎደውን ቦታ አግኝቶታል።

«እነዚህ ናቸው?»

«እነዚህ ናቸው።»

«ሦስት።»

«ሦስት።»

ጠራቢው አውራ ጣቱን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያመላልስ ቆየ። ቁጣ የለበትም፤ ነገሩ የደነቀው ሰው ይመስላል።

«በጣት እንኳ ይገኛሉ እኮ፣ ወንድሜ» አለ።

ወረቀቱን አጣጥፎ መለሰለትና እጁን ለእኅቱ ዘረጋ። እታለም ይዛው ወጣች።